ለአያ የተላከ ሽሮ

እናቴ ደግ ናት። ይህን የሚለው ሰፈሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ማራኪ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤት ሳዘግም ባለ ሱቁ ከባንኮኒው ብቅ ብሎ «እናትሽ ደህና ናቸው? የደሃ እናት እኮ ናቸው» ይለኛል። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች «እንደሷ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» ይላሉ። የንስሐ አባታችን እንኳ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በረንዳው ላይ ቆመው መርቀዋት አይጠግቡም። እኔ አጠገቧ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ። አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ስድሳ ተማሪ ፊት ቆሜ አፌ አይያዝም። እናቴ ስትመረቅ ግን «አሜን»ዋን በግድ ነው የማወጣት።

ደግነቷን ከቅርብ የማየው እኔ ነኛ።

ለዘመን መለወጫ ልብስ ትሰጣለች። የሟቹ አባቴ ሸሚዞች፣ የወንድሜ ሱሪዎች፣ የኔ ያረጁ ሹራቦች ታጥበው፣ ተተኩሰው ይታጠፋሉ። ከመታጠፋቸው በፊት እናቴ መነጽሯን ታደርግና መቀስ ይዛ ትቀመጣለች። አዝራሮቹን አንድ በአንድ ትቆርጣቸዋለች። የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አዝራር አላት፤ እስከ ዛሬ አንዱን እንኳ ስትጠቀምበት አላየሁም። አንድ ጊዜ «ይህን የሚለብሰው ሰው በምን ይቆልፈው?» አልኳት። «መርፌ ቁልፍ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ፣ ከልቧ ገርሟት። በዚያው ሰሞን አንድ የቀን ሠራተኛ አባቴ ለወንድሜ ሰርግ የለበሰውን ሸሚዝ ለብሶ አሸዋ ሲዝቅ አየሁት። ደረቱን በሽቦ አያይዞታል። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ዝክሯም እንዲያው ነው። በየወሩ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ማኅበርተኛው ትኩሱን ይቆርሳል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚላከው ካለፈው ዝክር የተረፈው ነው፤ ሻጋታውን በቢላ ፍቃ፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሳ። «ሲወጣ ትኩስ ነበር እኮ» ትላለች። በበዓል ማግስት ደግሞ ነዳያን ግቢያችን ተጠርተው ይበላሉ። እናቴ ነጠላዋን አመሳቅላ እንጀራ ስታነሳ፣ ወጥ ስታወጣ በስልክ ትቀረጽና ቪዲዮው ለማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። ቀኝ እጅሽ የሚሰጠውን ግራሽ አይወቅ የሚለውን ቃል እናቴ በቃሏ ትለዋለች። ስልኩን ይዤ የምቀርጸው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ በሷ ላይ ብቻ አፌን እንደከፈትኩ አይቆጠርብኝ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው አያ ዘንድ ለመድረስ ነው።

አያ የግቢያችን በር ጠባቂ ነበሩ። ስም አላቸው፤ ግን እኛ ቤት «አያ» ብቻ ነበር የምንላቸው፣ በሳቸው አገር ለትልቅ ሰው እንደሚባለው። ከአገራቸው ከድብ ባሕር ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው አንደኛው ጨርሶ ጠፋ፣ ሌላኛው ጥላ ጥላውን ያይላቸዋል። ለሁለተኛ ሕክምና ሲመላለሱ እናቴ «ጽድቅ ነው» ብላ በሩ ሥር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አስጠጋቻቸው። በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ተከራይ ተማሪዎቹን በኮቴያቸው ያውቋቸዋል፤ «አንቺ ዛሬ ደክሞሻል፣ እግርሽን ትጎትቻለሽ» እያሉ ያስቋቸዋል። ያ በሽታ ዓለሙን ሁሉ ሲያምስ እሳቸውንም ሦስት ሳምንት አስተኝቷቸው ነበር። እሳቸው ተነሡ፣ አፍንጫቸው ግን እንደተኛ ቀረ። ሽታ የሚባል አያውቁም፣ ጣዕምም እምብዛም አይለዩም። «ጨውና በርበሬ ይሰማኛል፤ ሌላው ሁሉ ገለባ ነው» ይሉኝ ነበር እየሳቁ።

በዚያ ዓመት አያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቡት። በፋሲካ ከባለቤታቸው ጋር ሊቆርቡ ነው። በነሱ አገር ባልና ሚስት ወልደው፣ ድረው፣ ጸጉር ሲሸብት ነው አብረው የሚቆርቡት። ባለቤታቸው ስንት ዘመን ለምነዋቸዋል፤ አያ ግን በወሰን መሬት ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው ሳይታረቁ ወንድምየው ሞቶባቸው፣ በዚያ ምክንያት ለንስሐ አባታቸው ፊታቸውን ሳያሳዩ ኖረዋል። በመጨረሻ ሄደው ተናዘዙ። ቀኖናው ተሰጣቸው፦ ሁዳዴን ሙሉውን፣ አንዲት ቀን ሳይጎድል፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው፣ ከስግደቱ ጋር። ያን ከፈጸሙ ይቆርባሉ። ባለቤታቸው ለዚያ ቀን ሁለት ነጠላ ፈትለው፣ አሸምነው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል።

«እርፉን ይዤ ስከራከር ዕድሜዬ አለቀ» አሉኝ አንድ ቀን በሩ ላይ ተቀምጠው። «አሁን ምን ቀረኝ ልጄ? ከሷ ጋር አንድ ሆኜ ልሙት እንጂ። የሷን ልመና መፈጸም ነው የቀረኝ።»

«ይፈጸማል አያ» አልኳቸው። እንዲህ ነው አፌ፣ ማር ያንጠባጥባል።

ቅበላ ደረሰ። ወንድሜ ከባሕር ዳር ሚስቱንና አራት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነበርና እናቴ ከቅርጫው ሁለት መደብ ገባች። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሥጋ ስንከትፍ፣ ሽንኩርት ስናቁላላ ዋልን። ሁለት ትልልቅ ድስት ቀይ ወጥ ተሠራ፤ ጎድኑ ከነአጥንቱ፣ ቅቤው ከላዩ ተንሳፍፎ። አመሻሹ ላይ ወንድሜ ደወለ። መንገድ ተዘግቷል። እንግዲህ እዚህ አገር መንገድ ተዘጋ ሲባል ማን ዘጋው፣ መቼ ይከፈታል ተብሎ አይጠየቅም፤ «እሺ፣ ተጠንቀቁ» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። የስምንት ሰው ወጥ ለእኔና ለእናቴ ቀረ። እሑድ እስኪያንገሸግሸን በላን። ተማሪዎቹም የየራሳቸው ቅበላ ነበራቸው። አያ ትንሽ ቀመስ አደረጉና «በል ሥጋ፣ በፋሲካ ያገናኘን» ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

የቤታችን ጾም የሚገባው በዕቃ በኩል ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣች። ድስት በአመድ ተፈተገ፣ መክተፊያው በፈላ ውሃ ተቀቀለ፣ ቢላው፣ ጭልፋው፣ የፍሪጁ መደርደሪያ በሎሚ ታሸ። የጾሙ ድስቶች ከቁም ሣጥን ላይ ወረዱ። እነሱ ለብቻ ናቸው፤ የፍስክ ማማሰያ የጾም ድስት ቢነካ እናቴ ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች። ልጅ ሳለሁ በቅቤ በወዛ ማንኪያ ተልባ አማስዬ በልምጭ ተገርፌያለሁ። የዚያ ማንኪያ ነገር እስከ ዛሬ ይነሣብኛል።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ድስት ወጥ ገና አላለቀም። አንደኛው ግማሽ ሆኗል፣ ሌላው አልተነካም። ጾም ከገባ ፍስክ ቤት ውስጥ ማደር የለበትም፤ መድፋትም በረከት ያርቃል። ይህ የእናቴ ሕግ ነው። ግማሹን በላስቲክ ባልዲ ገልብጣ እንጀራ ደረበችበትና «ለነዳያን አድርሺ» አለችኝ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ የምታደርሰው ራሷ ነበረች። በዚያ ዓመት ጉልበቷን አሟት እኔ ሄድኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ከተቀመጡት አንዲት አሮጊት ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩና መልሰው ከደኑት።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«ሰኞ» አልኳቸው፣ እንደ ሞኝ።

«እኛም ሰኞ መስሎን ነበር» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

ክራንች የያዘ አንድ ሰውዬ በአገጩ ግንቡን አሳየኝ። «እዚያ ድፊው እህቴ። አምናም እዚያ ነው የደፋነው። ውሾቹ ማተብ የላቸውም።» ሰዎቹ አልሳቁም፣ እሱም አልሳቀም። ለስንት ዓመት እናቴ በየጾሙ መግቢያ ሰኞ ያደረሰችው ምጽዋት በሙሉ እዚያ ግንብ ሥር ነበር የሚደፋው። እፊቷ ተቀብለው፣ መርቀው፣ ስትሄድ ይደፉታል። ገለበጥኩት። ውሾቹ ቦታውን ያውቁታል፣ ሳይጠሩ መጡ።

ቤት ገብቼ የሆነውን ስነግራት እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። «ደሃ ሲመርጥ አየሽ? ደሃ ደግሞ ምን ጾም አለው፣ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ አይደል?» አለች። ከዚያ ያልተነካውን ድስት ለብ አድርጋ ወንፊት አነሣች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሥጋውን በጭልፋ እያወጣች በላስቲክ ከረጢት አደረገች። መረቁን በወንፊት አጠለለች። አጥንት አጥንቱን ለየች፤ መነጽሯን ግን አላደረገችም። ከዚያ መረቁን ወደ ድስቱ መልሳ፣ ውሃ ጨምራ፣ ሽሮ እየነሰነሰች ማማሰል ጀመረች። የጾሙን ድስት እንዳታረክስ በፍስኩ ድስት ነው የሠራችው። ይህን ልብ በሉልኝ።

«ለማነው?» አልኳት፣ እያወቅኩት።

«ለአያ።»

«እማዬ፣ ሰውዬው ቀኖና ላይ ናቸው እኮ።»

«ሰው ሳያውቅ የበላው አይጻፍበትም» አለችኝ፣ ማማሰሉን ሳታቋርጥ። «እግዜር የሚያየው ልብን ነው። የሳቸው ልብ ጾመኛ ነው፣ ተመስገን። ምግቡም አይደፋም፣ እሳቸውም ጠገብ ይላሉ፣ እኔም አልኮነንም። ማን ተጎዳ?»

«ቢያውቁስ?»

«ማን ይነግራቸዋል? አንቺ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ፣ ጮህኩ፣ ድስቱን ደፋሁ ብል ደስ ባለኝ። ሰዎች እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ይጮሃሉ፤ እኔ አልጮህኩም። ላም እሳት ወለደች እንደሚሉት፣ የኔ ግን ተገልብጦ እንዳልተዋት እናት፣ እንዳልነካት እሳት ሆናብኝ ኖራለች ብዬ ለጓደኞቼ አመካኛለሁ። ውሸቴን ነው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄዶብኝ ነበር፣ ሰኞን በጠብ ልጀምረው አልፈለግኩም። ይኸው ነው ምክንያቱ። ከትምህርት ስመለስ ወጡን በሳህን፣ እንጀራውን ከላይ አድርጌ ወደ በሩ ወረድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። አያ ስግደታቸውን ጨርሰው ግንባራቸው አፈር እንደነካ ተቀምጠዋል።

«ምን አበጀሽልኝ?» አሉኝ።

«ሽሮ ነው አያ።»

«እጅሽ ይባረክ። የሰማዩን ቤት ይስጥሽ» አሉና አማትበው ቆረሱ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። እኔ በሩን ተደግፌ ሲጎርሱ አይ ነበር። ቅቤው በጣታቸው ላይ ያብረቀርቃል። ሽታው እኔ የቆምኩበት ድረስ ይመጣል። እሳቸው አፍንጫቸው ሥር ይዘውት አያውቁትም።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ማክሰኞ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። «ዘንድሮ ጾሙ አልከበደኝም፤ አምና በሁለተኛው ቀን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግዜር ሲረዳ እኮ እንዲህ ነው» አሉኝ። ማታ ለባለቤታቸው ደውለው ያንኑ ሲነግሩ ከመስኮቴ ሆኜ ሰማኋቸው።  ረቡዕ ሦስተኛውን ሳህን ይዤ የወረድኩት ግን ያው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሱ ማላመጣቸውን አቆሙ። ሁለት ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደው የሆነ ነገር አወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው? ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው።»

የጎድን ስባሪ ነበር፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ ነጭ፣ በአንድ ወገን የሾለች። መነጽር ያላደረገ ሰው ስታጠል ያመለጠች።

«ዝንጅብል ነው» አልኳቸው።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እናቴ ይህን በይ አላለችኝም። ከራሴ አፍ፣ ሳላስብ፣ ለስልሳ የወጣች ውሸት ናት።

«እንዲያ በይኛ» አሉ አያ። «ዝንጅብልማ ለሆድ ሸጋ ነው።» ከዚያ መልሰው ጎረሱት። ነከሱት። ጥርሳቸው አጥንቱ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ተሰማኝ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አጠገቤ አጥንት ሲግጥ ተነሥቼ ነው የምሄደው። ደጋግመው ሞከሩት፤ አልሰበር አለ። ከአፋቸው አወጡትና በአውራ ጣታቸው ያሹት ጀመር፣ ወዲያና ወዲህ፣ ረጅም ጊዜ። ዕድሜ ልኩን በሬ ጠምዶ፣ በግ አርዶ የኖረ ሰው አጥንት ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም።

«ዝንጅብሉ ደርቋል ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው አጥንቷን ቋጠሯት። ሳህኑን ከነወጡ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔ ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አያ ከቤታችን ምግብ አልበሉም። ለእናቴ «ቀኖናዬን ላጠብቀው ብዬ ነው፣ ቆሎ ይበቃኛል» አሏት። እሷም «እንግዲህ ጽድቅ ሲበዛ» ብላ አለፈችው። እኔ ኅሊናዬን ላስታግስ ብዬ የራሴን ድስት፣ የራሴን ማንኪያ ገዝቼ፣ ዘይት ብቻ ያለው ምስር ወጥ ሠርቼ ወረድኩላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መረቁ፣ አጠገባቸው አስቀመጡት። ማታ ሲመለሱ ለሚርባቸው ተማሪዎች እንደሚሰጡት በኋላ ደረስኩበት። እኔ ላይ ፊታቸውን አላጠቆሩም፣ አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ሳህኔን ብቻ አላመኑትም።

ፋሲካ መጣ። አያ ወደ ድብ ባሕር አልሄዱም፤ ለምን ብላ እናቴ አልጠየቀችም። በማግስቱ ሰኞ፣ እንደ ልማዳችን ነዳያን ግቢው ውስጥ ተደርድረው ሲበሉ፣ እናቴ በነጠላዋ ጭልፋ ይዛ፣ እኔ ስልክ ይዤ ሳለን፣ አንዲት ቀጭን ረጅም አሮጊት በሩን ገፍተው ገቡ። በእጃቸው ጥቅል ይዘዋል። የአያ ባለቤት ናቸው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፍረው መምጣታቸው ነው። ለእናቴ እንደ ወጉ እጅ ነሥተው አያ አጠገብ ቆሙ።

«ቅዳሜ ሌሊቱን ነጠላውን ይዤ ስጠብቀው አደርኩ፣ ትናንትም ዋልኩ እሜቴ» አሉ እናቴን። «ማታ በስልክ ምን ይለኛል? ጾሜን ፈትቻለሁ፣ ሆዴ አሸነፈኝ ይለኛል። አርባ ዓመት ለምኜው፣ የሁለት ወር ሆድ አቅቶት። የነፍስ አባቱ እስከ ፍልሰታ ይቆይ ብለዋል አሉ። እስከ ፍልሰታ ማን ያውቃል? እኔስ እኖራለሁ?»

አያ መሬት መሬት ያያሉ። 

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። «አይ አያ፣ ምነው?» አለች። «እኔ ቤት በጾም ከጾም ሌላ አይቀመስም፣ ምስክሩ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከየት አግኝተው ፈቱ? ሰው ሲያረጅ ሆዱ እንደ ልጅ ነው እኮ።» ይህን ብላ ከድስቱ ሥር ወፍራም ሥጋ መርጣ አወጣችና በእንጀራ ላይ አድርጋ ለሁለቱ አቀረበችላቸው።

ፊቷን አየሁት። ረስታው እንደሆነ፣ ወይስ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚሉት እንደሆነ ፈለግኩ። ምንም የለበትም። ንጹሕ ፊት ነው፣ ለቪዲዮ የሚሆን። የሰውን ጾም አፍርሳ፣ ለፈረሰው ጾም ታዝንለታለች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተጠየፍኩት ነገር የለም፤ የተጠየፍኩት ደግሞ እሷን ብቻ ቢሆን ቀሎኝ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ እየቀረጸ ነበር።

ባለቤታቸው ሳህኑን አልነኩትም። የአያን ዕቃ ከቆርቆሮዋ ክፍል ሰብስበው አንድ ጥቅል አደረጉትና «ተነሣ» አሏቸው።  ተከትያቸው በሩ ጋ ደረስኩ።

«እማማ፣ እሳቸው አልፈቱም» አልኳቸው።  «እኛ ነን ያበላናቸው። ሽሮ ነው ብለን፣ የሥጋ መረቅ። አላወቁም ነበር።»

ሴትዮዋ ጥቅሉን መሬት አስቀመጡ። «አንቺ ነሽ ያቀበልሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«በደወለልኝ ቁጥር የሚመርቀው እኮ ያንቺን እጅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ምነው አልነገርከኝ?»

«ምን ብዬ?» አሉ አያ። «የበላሁበትን ወጪት ልስበር?»

ባለቤታቸው የአያን ክንድ ያዙ። እስካሁን በአጠገባቸው ቆመው ነበር እንጂ አልነኳቸውም ነበር። አያ ከኪሳቸው የግቢውን ቁልፍ አውጥተው እጄን ዳበሱና መዳፌ ላይ አኖሩት። እንዳይወድቅ ጣቶቼን ራሳቸው አጠፉልኝ። ሳይመርቁኝ ሲለዩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ አየኋቸው፤ ሴትዮዋ በየጉድጓዱ ላይ ቆም እያሉ «እዚህ ጋ ዝቅ በል» ይሏቸዋል።

እንግዶቹ ወጡ፣ ግቢው ተጠረገ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ታጥባለች። «አያ ሳይበሉ ሄዱ? ደሃ ውለታ አያውቅም» አለችኝ፣ ያላዘነች ለመምሰል እየሞከረች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። አጥንቷን፣ ጥርሳቸው ላይ ስትንሸራተት የተሰማኝን፣ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ መቋጠሯን፣ ዝንጅብል ነው ማለቴን፣ አያ ሁሉን ችለው በራሳቸው ላይ መውሰዳቸውን።  ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ወይ ትቆጣለች ብዬ።

እናቴ የድስቱን ውሃ ደፋች። እጇን በፎጣ ጠረገች። ፊቷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ድንጋጤ አየሁ።

«በጾም ዋሸሽ?» አለችኝ።

ፎጣውን ቦታው መለሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ እኮ ዝም በይ አልኩሽ እንጂ ዋሺ አላልኩሽም። ሽሮ ነው ማለትሽስ እውነት ነው፣ በእጄ ነው የነሰነስኩበት። ዝንጅብሉን ግን አንቺ ነሽ ያመጣሽው ልጄ።» ከልቧ አዝና ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «ሳምንት ሳያልፍ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።»

 በዚያ ቤት ውስጥ አያን ዓይን ለዓይን እያየ የዋሻቸው ሰው አንድ ብቻ ነበር። የታጠበውን ድስት ተቀበልኳትና መደርደሪያው ላይ፣ ከፍስኮቹ ጋር ደረደርኩት።